ከምኒልክ ግቢ መብራት እስከ ታክሲ ተራ

(ምስል፦ አዲስ አበባ፣ ማለዳ። የነዳጅ ማደያ ሰልፍ)

ተራኪ፦ ጥር 2016 ዓ.ም.። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ አሳወቁ። እንዲህ ያለ እገዳ ከኢትዮጵያ በፊት የጣለ አገር አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አገሪቱ ለነዳጅ ብቻ በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ታወጣ ነበር።

(ምስል፦ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ። ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

ወደ 1900 ዓ.ም. እንመለስ። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ ወደ አዲስ አበባ እየነዳ ነው። መንገድ ግን የለም። በረሃው አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ዳገቱ አለ። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ያቺ መኪና አዲስ አበባ ደረሰች። ንጉሠ ነገሥቱም ዐይተው ብቻ አላለፏትም፤ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሯት።

ልብ በሉ! መኪናዋ ስትደርስ ኤሌክትሪክ ቀድሟት ግቢው ገብቷል። የቤተ መንግሥቱ መብራት በጄኔሬተር የበራው በ1890 ዓ.ም. ግድም እንደሆነ ይነገራል። ሁለቱ እንግዶች አንድ ግቢ ውስጥ ሳይተዋወቁ ቀሩ። መኪናው ከመቶ ዓመት በላይ በባሕር ተሻግሮ በሚመጣ ነዳጅ ኖረ። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከአምፖልና ከወፍጮ ብዙም ሳይርቅ ቆየ።

(ምስል፦ ጉባ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ)

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ነው። እዚህ ባትሪ መሙላት ማለት የዓባይንና የኦሞን ጉልበት መጫን ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ ተደረገ። የቻይና ስሪቶቹ እነ ቢዋይዲ መንገዱን የሞሉት በዚህ ምክንያት ነው።

(ምስል፦ የታክሲ ተራ፣ ረጅም ሰልፍ። የረዳቶች ጥሪ ይሰማል)

ይህ ዝግጅት የታሰበው ስለ መኪና ባለቤቶች ነበር። የቀረጽነውን ምስል ስንመለከት ግን በየአዲሱ መኪና መስኮት በኩል የሚታየው ይህ ሰልፍ ነው። መኪና የሌለው የከተማው ብዙኃን እዚህ ቆሟል። ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል፤ የቤት መኪና ግን አብዛኛውን ቀን ቆሞ ይውላል። ታዲያ ብዙ ነዳጅ የሚቆጠበው የት ነው?

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕዝብ ትራንስፖርት ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ኋላ ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ያ ትዝታ ያሳስበናል። ኤሌክትሪኩ ከደጃችን ሆኖ ብሎኑና ሰርኪቱ ከውጭ እየተጠበቀ፣ ጠጋኝ መካኒክ ሳይሠለጥን፣ የባትሪ መኪናም ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ከአዲስ አበባ ውጪ ቻርጀር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉም ገና መብራት አልገባለትም።

እገዳው ትክክል ነበር፤ ይህ ዝግጅት በዚያ አይጠራጠርም። ነገር ግን የቤት መኪና ብቻ የሚያስገባ ማበረታቻ ከተማውን አይለውጥም። የቀረጥ እፎይታውና ብድሩ ለሚኒባስና ለአውቶቡስ ባለንብረቶች ይቅደም። ቻርጀር በየታክሲ ተራው ይተከል፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም የባትሪ ጥገናን ዛሬውኑ ማስተማር ይጀምሩ።