ከጎልፍ ሜዳ አፈር እስከ ጥምር ክኒን፦ የትል ሕክምናና የላቦራቶሪ አይጥ

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አልቤንዳዞልንና አይቨርሜክቲንን በአንድ ላይ ለያዘ ክኒን የድጋፍ አስተያየቱን ሰጠ። ክኒኑ የተፈተነው በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሞዛምቢክ ልጆች ላይ ነው፤ ከእኛ ወገን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተሳትፏል። በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው አልቤንዳዞል ለወስፋት ፍቱን ነው፤ ትሪኩሪስ የተባለው ጅራፍ መሰል ትል ላይ ሲደርስ ይደክማል። በዚህ ጥናት ለብቻው ሲሰጥ ከ100 ልጆች 36 ያህሉን ነው ከትሪኩሪስ ያዳነው። ጥምር ክኒኑ አንዴ ሲሰጥ ከ80 በላይ፣ ለሦስት ቀን ሲሰጥ ከ95 በላይ የሚሆኑትን አድኗል።

ከጥምረቱ አንዱ የሆነው አይቨርሜክቲን ከ50 ዓመት በፊት የተገኘው በአይጥ አማካይነት ነው። ሳቶሺ ኦሙራ በጃፓን ካዋና አካባቢ፣ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከተወሰደ አፈር ያወጡትን ባክቴሪያ ወደ አሜሪካው መርክ ኩባንያ ላኩ። እዚያ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ የአንጀት ትል ለያዘው አይጥ ከመኖው ጋር ቀላቅለው አበሉት፤ ትሉም ጠፋ። ለእኔ በዚህ መስክ ከዚህ የሚበልጥ ሙከራ የለም። ትልን በብርጭቆ ውስጥ የሚገድል ውህድ ማግኘት አይከብድም። ውህዱ ተበልቶ ትሉ ጋ መድረሱን፣ ባለቤቱንም አለመግደሉን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በሕይወት ያለ እንስሳ ብቻ ነው። ካምቤልና ኦሙራ የ2015ን የሕክምና ኖቤል ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር ተጋርተዋል።

መድኃኒቱ ለምን ለሰው እንደማያሰጋ የተረዳነውም በአይጥ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አምስተርዳም ውስጥ የአልፍሬድ ሺንከል ቡድን አንድ ጂን የጎደላቸው አይጦችን ያረባ ነበር። ቅማል መሰል ተባይ ሲያስቸግር አይጦቹ በሙሉ አይቨርሜክቲን ተረጩ፤ ጂኑ የጎደላቸው ሞቱ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን መርዙን ከአንጎል የሚመልስ ዘበኛ መሆኑ በግልጽ የታወቀው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

በአይጥ የሚጠኑትን ሌሎች ትሎች ቶሎ ልለፋቸው። የሰው ወስፋት በአይጥ ሳንባ ቢያልፍም አንጀት ውስጥ አይጎለምስም። በመንጠቆ ትል ፈንታ በአይጥ የሚጠናው ኒፖስትሮንጂለስ፣ መንጠቆ ትል በሰው ውስጥ እንደሚቆየው ዓመታት አይቆይም፤ በአሥር ቀን ገደማ ይባረራል። ብልሃርዝያ ለአይጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ጅራቱን የትሉ እጭ ባለበት ውኃ ውስጥ በመንከር ነው። የብልሃርዝያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል ያልጎለመሰ ትል ላይ ደካማ መሆኑም በዚሁ መንገድ በደንብ ተጠንቷል።

እኔን የሚይዘኝ ክርክር የትሪኩሪስ ነው፤ የአይጥ የራሱ ትሪኩሪስ አለውና። ብላክ 6 የተባለው የተለመደ የላቦራቶሪ ዝርያ 200 ያህል እንቁላል በአንዴ ሲውጥ ትሉ ሳይጎለምስ ያባርረዋል። 20 ያህል ሲውጥ ደግሞ መከላከያው የተሳሳተ አቅጣጫ ይይዛል፤ ትሉም ጎልምሶ ይቀመጣል። በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ስለ ሰውነት መከላከያ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን 200 እንቁላል በአንድ ጉርሻ የሚውጥ ልጅ የት አለ? ልጅ ከአፈርና ካልታጠበ እጅ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያገኘው። የማንቸስተሩ የሪቻርድ ግሬንሲስ ቡድን ይህን አስቦ ለአይጦች በየሳምንቱ ጥቂት እንቁላል ሰጠ። በ2019 ባወጣው ውጤት ትሉ መጀመሪያ ተጠራቀመ፣ ቆይቶ መከላከያው ነቃና ትሉ ቀነሰ። በመንደር የሚታየውም ትሉ ልጆች ላይ በርትቶ አዋቂዎች ላይ መቅለሉ ነው።

ከዚህም የሚያስደነግጠው የፕሪንስተኗ አንድሪያ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያሳተሙት ነው። ያንኑ ብላክ 6 ከቤት ውጭ በታጠረ መስክ ለቀቁት፤ አፈር ቆፈረ፣ ሣር በላ፣ የአየሩን መለዋወጥ ቀመሰ። ላቦራቶሪ ውስጥ ትሉን ያባርር የነበረው ዝርያ መስክ ሲወጣ ብዙ ትል ተሸከመ፤ የትሎቹም መጠን ገዘፈ። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። አንዳንዶች መስክ ላይ የሚለዋወጠው ነገር ስለሚበዛ ምክንያቱን ለይቶ ማውጣት ይከብዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም የእኛ ልጆች የሚኖሩት እንደዚያ መስክ ባለ ቦታ እንጂ በንጹሕ ሣጥን ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ላይ የሣጥን አይጥን አምናለሁ፤ የካምቤል ሙከራ ይበቃኛል። ክትባት ሲሆን አቋሜ ይለያል፦ አንዴ በሚሰጥ ብዙ እንቁላልና በንጹሕ ሣጥን ብቻ የተፈተነ የትል ክትባት፣ ጥቂት ጥቂት በሚወሰድ እንቁላልና በመስክ ባለ አይጥ ሳይፈተን ወደ ልጆች ክንድ መሄድ የለበትም።