የፋራስ ካቴድራል ሥዕሎች

ፋራስ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ፣ በዓባይ ዳር የነበረች የኑቢያ ከተማ ናት። ኑቢያ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ተቀብላ፣ እንደ ኢትዮጵያ ከእስክንድርያ መንበር ጋር ተሳስራ ኖራለች። ፋራስም የጳጳስ መቀመጫ ነበረች።

የካቴድራሏ ግድግዳ በጭቃና በኖራ ይለሰንና ልስኑ ሲደርቅ ይሣልበታል። ሥዕሉ ሲያረጅ ወይም ሌላ ሲፈለግ፣ በላዩ አዲስ ልስን ተለስኖ እንደገና ይሣላል። በዚህ መንገድ የብዙ ትውልድ ሥራ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል። ከቀደምቶቹ መካከል የእመቤታችን እናት ቅድስት ሐና ትገኛለች፤ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በትልልቅ ዓይኖቿ ፊት ለፊት ትመለከታለች። በሌላ ግድግዳ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ መካከል ቆመዋል፤ ቅዱስ ሚካኤልም ክንፉን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።

እነዚህ ሥዕሎች ከጸሎት ባሻገር የአገሩን ሥርዓት ይናገራሉ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሾመውን ጳጳስ ጴጥሮስን እንመልከት። ከኋላው ሞክሼው ሐዋርያው ጴጥሮስ ቆሟል። የሐዋርያው ፊት ነጣ ያለ ነው፤ የጳጳሱ ግን ጠይም፣ የአገሩ ሰው መልክ ነው። ሠዓሊው ጳጳሱን በገዛ መልኩ ከሐዋርያው ጥበቃ ሥር አቆመው፤ ምእመናኑም የሹመቱን ክብር በዓይናቸው አዩ። የንጉሥ እናት ማርታም ከእመቤታችን ጋር ተሥላለች። በኑቢያ ዙፋን ለንጉሡ የእኅት ልጅ ይተላለፍ ስለነበር፣ የንጉሥ እናት ትልቅ ሥልጣንና ክብር ነበራት።

ካቴድራሏን አሸዋ ሞልቷት ነበር፤ ሥዕሎቹን ያቆየልንም እሱ ነው። የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ሊያጥለቀልቅ ሲል፣ በካዚሚየርዝ ሚካዎቭስኪ የተመራ የፖላንድ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 ቆፍሮ አወጣቸው። ባለሙያዎቹ በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት በሰም አጣብቀው፣ ልስኑን ከግድግዳው በመጋዝ ለዩት። ወደ 120 የሚጠጉ ሥዕሎች ዳኑ፤ ካቴድራሏ ግን ከውኃ በታች ቀረች።

ሥዕሎቹ ለካርቱምና ለዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተከፋፈሉ። ጳጳስ ጴጥሮስና ቅድስት ሐና በዋርሶ ይገኛሉ። በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ወደዚያ ከሄዳችሁ ሳታዩዋቸው አትመለሱ፤ ከዓባይ ልጆች የጥንት የክርስትና ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ያገናኟችኋል።