ሁለተኛው የሕፃን ጋሪ በኢተያ መንገድ

ቀላል የጉዞ ጋሪ የሚባለው፣ ቤት ከሚውለው ትልቁ የሕፃን ጋሪ በተጨማሪ ለመንገድ የሚያዝ፣ ታጥፎ በአንድ እጅ የሚነሣ ጋሪ ነው። የዚህ ዓይነቱን ጋሪ የፈለሰፉት እንግሊዛዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኦወን ማክላረን ሲሆኑ፣ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ሥራ ያገኙትን የአሉሚኒየም ዕውቀት ተጠቅመው በ1965 እ.ኤ.አ. እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍና ሦስት ኪሎ የማይሞላ ጋሪ ነድፈዋል። አስተማማኝ ፍሬንና ትከሻን፣ ወገብን፣ እግር መካከልን የሚይዝ ቀበቶ ሊኖረው እንደሚገባ ግልጽ ነው፤ ጀርባው የማይተኛ ጋሪም ገና መቀመጥ ላልቻለ ሕፃን አይሆንም።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት ክብደቱን ብቻ መዝነው ጎማውን በመርሳታቸው ነው። በአዳማና በአሰላ መካከል ባለችው ኢተያ፣ ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ጠጠርና ኮብልስቶን፣ ክረምት ሲገባም የመረሬ ጭቃ ይጠብቃል። ዲያሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ሲገጥመው፣ የጎማው መሐል ከድንጋዩ ጫፍ ብዙም ከፍ ስለማይል፣ በአግድም ገፍቶ ለማሻገር በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት 1.4 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ዲያሜትሩ 28 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ግን ከዚያው ክብደት 80 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ከፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገጠሙ ትናንሽ ጎማዎች ደግሞ ጭቃውን በመካከላቸው ይዘው መሽከርከር ያቆማሉ። በዚህ ላይ እጀታውን ወደ ፊት በኃይል እየተጫኑ በድንጋይ ላይ የሚገፉ አሉ፤ ይህ የፊት ጎማውን ይበልጥ ስለሚቀብረው፣ ጋሪውን አዙሮ ወደ ኋላ መጎተት ይሻላል። እጀታው ላይ ዘንቢል ማንጠልጠልም ልጁ ሲነሣ ጋሪውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋልና ሊቀር ይገባል።

የታጠፈው መጠን ሁለተኛው መመዘኛ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ከተሳፋሪው እግር ሥር የማይገባ፣ ሚኒባስ ላይም ፖርቶመጋላ የሚፈልግ ከሆነ የጉዞ ጋሪነቱ በስም ብቻ ይቀራል። ሲታጠፍ ግን የልጁ ጣት ከማጠፊያው መራቁ ይረጋገጥ፤ የማክላረን ኩባንያ ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለተሸጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ጋሪዎች የማጠፊያ መሸፈኛ ለመስጠት የተገደደው የሕፃናት ጣት በመቆረጡ ነበር።

ከሁሉም የቀለለው መሣሪያ ግን ከቆዳ የሚሠራው አንቀልባ፣ ወይም ከጨርቅ የሆነው ማዘያ ነው፤ ጎማ ስለሌለው ጭቃም ደረጃም አያግደውም። ስለዚህ እናት ማዘያዋን ከያዘች፣ የቀላልነቱ ጉዳይ አስቀድሞ ተፈትቷል፤ ከጋሪው የሚጠበቀው የእናቲቱን ጀርባ ማሳረፍ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ጨምሮም ቢሆን ጎማው ተለቅ ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ሻጩ በሴራሚክ ወለል ላይ የሚያንሸራትተውን ጋሪም ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ጭነት አስቀምጦ ደጅ ባለው ጠጠር ላይ መሞከር ይገባል።