የማራቶን ሜጀርስ ነጥብ እንዴት ይቆጠራል? ማንንስ ይጠቅማል?

ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007 የበርሊን ማራቶንን አሸነፈች። ከ35 ቀን በኋላ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሌላ 42 ኪሎ ሜትር ልትሮጥ ተሰለፈች። ማራቶን የሮጠ ሰውነት እስኪያገግም ረጅም ጊዜ እንደሚፈልግ ማንም አሰልጣኝ ያውቃል። ጌጤን ያስቸኮላት ነጥብ ነው።

ወርልድ ማራቶን ሜጀርስ በ2006 ሲጀመር የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖችን በአንድ ውድድር ሥር አሰባሰበ፤ የዓለም ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ማራቶንም ይቆጠሩ ነበር። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ለሚወጡት 25፣ 15፣ 10፣ 5 እና 1 ነጥብ ይሰጥ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተገኙት ውጤቶች የአትሌቱ ምርጥ አራቱ ይደመሩ ነበር። ከወንዶችም ከሴቶችም ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት ለየራሳቸው 500 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር።

እንግዲህ እናስላው። ጌጤ በ2006 እና በ2007 በርሊንን አሸንፋ፣ በ2007 ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥታ 65 ነጥብ ይዛለች። ተፎካካሪዋ የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 አላት፤ ኒውዮርክን ደግሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ብታሸንፍ 80 ትሞላለች፤ ጌጤ ቤቷ ከተቀመጠች ግማሽ ሚሊዮኑ አመለጣት ማለት ነው። ስለዚህ ሮጠች። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ከፊት ስትመራ ጌጤ ከኋላዋ አልላቀቅ አለች፤ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ መጨረሻው ሲቃረብም ለመቅደም ሞከረች። ራድክሊፍ አፈትልካ በ23 ሰከንድ ቀደመቻት። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች። 80 ለ65፤ ሽልማቱ የጌጤ ሆነ። ያን ዕለት ማሸነፍ ግዴታዋ አልነበረም፤ ከፕሮኮፕቹካ መቅደሟ ብቻ ይበቃ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ግን ያው ስሌት ፊቱን አዞረባት። ዙሮቹ በአንድ ዓመት ይደራረቡ ስለነበር የ2007 ውጤቷ እንደገና ተቆጥሮላት፣ ከጀርመናዊቷ ኢሪና ሚኪቴንኮ ጋር እኩል 65 ሆኑ። ሚኪቴንኮ በሦስት ውድድር፣ ጌጤ በአራት። በርሊን 2007 ላይ ጌጤ ቀድማለች፣ ለንደን 2008 ላይ ሚኪቴንኮ። በመጨረሻ የውድድሮቹ ዳይሬክተሮች ድምፅ ሰጡበት፤ ግማሽ ሚሊዮኑም ለሚኪቴንኮ ሆነ። በእግር የተጀመረ ፉክክር በእጅ ሲያልቅ ማየት ያማል።

ሰንጠረዡ ሰዓትን ጨርሶ አያይም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በርሊን ላይ በ2007 በ2፡04፡26፣ በ2008 በ2፡03፡59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር በየጊዜው ያገኘው ያችኑ 25 ነጥብ ነው። በጃንዋሪ 2008 ያሸነፈው የዱባይ ማራቶን ከሜጀርስ ውጭ ስለሆነ ምንም አላስገኘለትም። በዚሁ የ2007-2008 ዙር ለንደንን ሁለት ጊዜ፣ ኒውዮርክን አንድ ጊዜ ያሸነፈው ኬንያዊው ማርቲን ሌል በለጠው። ይህ ለእኛ ለኃይሌ ወዳጆች ቢመርም ልክ ይመስለኛል፤ የበርሊን ሜዳማ ጎዳናና የቦስተን ዳገት በአንድ ሰዓት አይለኩም።

በ2015 ሁለት ነገር ተለወጠ። ነጥቡ 25፣ 16፣ 9፣ 4 እና 1 ሆነ፤ ዙሩም ወደ አንድ ዓመት ገደማ አጥሮ ምርጥ ሁለት ውጤቶች ብቻ መቆጠር ጀመሩ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ግን በድሮው ስሌት ሁለት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ 30 ያገኛል፤ አንድ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ አራተኛ የወጣም 30። በአዲሱ 32 ለ29 ነው፤ ሳይወድቅ ሳይነሳ እኩል የሚሮጠው ተጠቀመ። በሞተር ብስክሌት ነገሩ ከዚህም ይርቃል፤ እዚያ ሁለተኛው 20 ነጥብ፣ አሥራ አምስተኛው እንኳ 1 ነጥብ ስለሚያገኝ፣ ስፔናዊው ኤሚሊዮ አልዛሞራ በ1999 አንድም ውድድር ሳያሸንፍ የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ሁለት ውድድር ብቻ መቁጠሩን እደግፋለሁ። አትሌት ለነጥብ ሲል በ35 ቀን ውስጥ ሁለት ማራቶን እንዲሮጥ የሚገፋፋ ደንብ ጉልበቱን ያለ ዕድሜው ይጨርሳል። ችግሩ፣ ሁለቴ ያሸነፈ ሁሉ 50 ላይ ስለሚቆም እኩል የመሆን ዕድሉ ሰፋ። እርስ በርስ ተገናኝተውም ካልተለያዩ፣ አዘጋጆቹ ድምፅ መስጠቱን ትተው ገንዘቡን ለሁለት ያካፍሏቸው።