ብሩን ቀለሙ ሲያጋልጠው

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ አንጥረኛ የሙያ ጓደኞቼ ቢሰሙ አይወዱልኝም። ከሆለታ አልፋችሁ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ ስትደርሱ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ጌዶ ስትዘልቁ፣ በየገበያው ዳር ጨርቅ ላይ የተደረደረው መስቀል፣ ጉትቻና የኦዳ ዛፍ የተቀረጸበት የአንገት ጌጥ «ብር ነው» ተብሎ ይሸጣል። ብዙው ብር አይደለም። ሻጩም አሳምሮ ያውቃል።

ያ ነጭ ማዕድን በእኛ ቤት «ጀርመን ሲልቨር» ይባላል። ስሙ ሲልቨር ይሁን እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ጠብታ ብር የለበትም። ብልጥ ነኝ የሚል ደንበኛ ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ «ይኸው አልሳበውም» ብሎ ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ብርን ማግኔት አይስበውም፣ ይህንንም አይስበውም። እኛ የምንለየው በሌላ ነው፤ በማይታይ ጎኑ በሞረድ ጫር አድርገን አንዲት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ እናሳርፍበታለን። ጀርመኑ ወዲያው አረንጓዴ እያወጣ ይፈላል፤ ጥሩ ብር ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። የአሲዷ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ አታዩም። ከመጋረጃው ኋላ ነው ቦታዋ።

እውነተኛው ብር ወደ እኛ የሚመጣው ከሙዳይ ነው። የሠርግ ወራት ሲቃረብ አንዲት እናት ይገቡና የመቀነታቸውን ጫፍ ይፈታሉ፤ ጠገራ ብር። «የእናቴ ነው ልጄ፤ ለልጅ ልጄ ጉትቻ አድርግልኝ።» ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833ቱ እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ግን ሲታተም ኖሯል። ሙሶሊኒ እንኳን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተም መብቱን ከቪየና አግኝቶ ሮም ላይ አሳትሟል፤ ኋላ ለንደንም ቦምቤይም አትመውታል። ለሰብሳቢ ይህ ሁሉ ልዩነት አለው፤ ለእሳት ግን የለውም። በ1887 ዓ.ም. የወጣው የምኒልክ ብርም ከሺህ 835 ነው፤ ከጠገራው እምብዛም አይለይም። (የምኒልክን ብር ለማቅለጥ ግን እጄ እሺ አይለኝም፤ ባለቤቶቹን ለምኜ እመልሰዋለሁ።)

እኚያን እናት የምላቸው አንድ ነገር ነው። «እማማ፣ ሲቀልጥ እዚሁ ይቀመጡ።» ብዙ ቤት «ነገ ይምጡ» ነው የሚባለው። ነገ የሚመጣው ጌጥ የእናታቸው ብር መሆኑን ማን ያውቃል? ሰርቀው ነው አልልም። ሥራው ራሱ ይበላል፤ ሲሞረድ የሚረግፈው ብናኝ ባለሙያው ጭኑ ላይ ባነጠፈው ቆዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የማን ብናኝ የማን እንደሆነ ማታ ላይ ማንም አይለየውም። መበየጃውም የሚሠራው ብርና ናስ አብሮ ቀልጦ ነው። ጌጡ በተጠገነና እንደገና በቀለጠ ቁጥር ያ ናስ ይገባበታል። ሦስት ትውልድ የዞረ ሃብል ከጠገራው ያነሰ ብር ቢኖረው አይገርመኝም። አሲድ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ግን ፊቱ ነጭ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል?

የሚጠይቀው ኢናሜል ነው።

ኢናሜል ቀለም ያለው ብርጭቆ ነው፤ ተፈጭቶ፣ ማዕድን ላይ በውኃ ተለጥፎ፣ እሳት ሲያገኘው ቀልጦ የሚጣበቅ። እናቶቻችን ቤት ያለው አበባ የተሳለበት የቻይና ሳህን በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ነው እንጂ። በአገራችን በጌጥ ደረጃ በደንብ የታየው በዘውዱ ዘመን ኒሻኖች ላይ ነው። መጀመሪያ ከአውሮፓ ይመጡ ነበር፤ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የአርመኑ የሴቫጂያን ቤት ይሠራቸው ጀመር። የገበያው አንጥረኛ ግን ኢናሜል አልነካም። ሰው «አይችሉም ነበር» ይላል። ሽቦ ስቦ፣ ጠምዝዞ፣ እንደ ጥልፍ የሚያስገባ እጅ ቀለም መሙላት ያቅተዋል? ያላስቻለው እጁ አልነበረም፤ ብሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የተለመደው ኢናሜል 750 እና 850 ዲግሪ መሐል ይፈሳል። ንጹሕ ብር ከሆነ ሰፊ ቦታ አለ ማለት ነው። ብዙ መዳብ የገባበት ብር ግን 779 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል፤ ጠገራው እዚህ ውስጥ ነው። ቀለሙ ሊያበራ ሲል ጌጡ ይሟሟል። ሳይሟሟ ቢተርፍ እንኳ መዳቡ በእሳት ጠቁሮ ከብርጭቆው ሥር እንደ ጥቀርሻ ይታያል። የተለመደው መበየጃም ከዚያ በፊት ይፈታል፤ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ቀለበት እምድጃው ውስጥ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ጀርመን ሲልቨሩማ ጭራሽ! ዚንኩ እየተነነ ብርጭቆውን አረፋ ያደርገዋል፤ ሲቀዘቅዝ ተልጦ ይወድቃል።

ጃፓኖች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት የብር ጭቃ ሰምታችሁ ይሆናል። ደቃቅ የንጹሕ ብር ዱቄት ከውኃና ከማጣበቂያ ጋር ተቦክቶ ነው። በእጅ ይድቦለቦላል፣ ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይተኮሳል፤ ማጣበቂያው ነዶ ይጠፋል፣ የብሩ ቅንጣቶች ይያያዛሉ፣ ቁራጩ እንደ ዓይነቱ ከመቶ 10 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይኮማተራል። የወጣው ንጹሕ ብር ስለሆነ ኢናሜሉ ያለ ጠብ ይቀመጥበታል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያመጣልኝን ትንሽ ጥቅል ኢናሜል የማስተምራቸው ተማሪዎቼ ፊት ስከፍት ዓይናቸው ፈጠጠ። ዋጋውን ስነግራቸው ደግሞ ዓይናቸውን መለሱ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለጀማሪ አልሰጥም። ብር ጭቃ መዶሻ አያስተምርም፤ ሞረድም አያስተምርም። ስህተቱን ሁሉ በጣት ጫፍ ታብሰዋለህ። ቀለሙን ለመልመድ ግን ግሩም ነው፤ ያንን አልክድም።

ስለዚህ የማስተምረው በመዳብ ነው። መዳብ ከሺህ ዲግሪ በላይ ስለሚችል ተማሪው ቢረሳውም ይታገሰዋል፤ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦም ይገኛል። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን፤ መብራቱ ግን የራሱ ፀባይ አለው፤ ቀለሙ ሊፈስ ሲል ይሄዳል። ለዚህ ነው አንዲት ጀበና ሠሪ ለምኜ አንድ ፊቱ ክፍት የሆነ ወፍራም የሸክላ ቤት ያሠራሁት። ከሰሉ ዙሪያውን ይነድዳል፣ ጌጡ ውስጡ ይገባል፣ አመድ አይነካውም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ክዳን የሌለው፣ አፍ የሌለው፣ ይኼ ምን ዓይነት ጀበና ነው?» አሉ። ከዚያ ግን ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ጨመሩበት፤ እንዳይሰነጠቅ። ያንን እኔ አልነገርኳቸውም።

የውኃውን ነገር አምቦዎች ስነግራቸው ይቀየሙኛል። የኢናሜል ዱቄት ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ የመጨረሻው እጥበት ማዕድን በበዛበት ውኃ ከሆነ ቀለሙ ይደበዝዛል። እዚህ ደግሞ ማዕድኑ ታሽጎ አገር ምድሩን ያጠጣል! ክረምት ላይ የዝናብ ውኃ አጠራቅማለሁ፤ በጋ ላይ የባትሪ ውኃ እገዛለሁ። ዱቄቱ አንዳንዱ እርሳስ አለበት፤ ስለዚህ ደረቁን ማቡነን፣ ሥራ ላይ ቆሎ መቆርጠምና በቀለም እጅ እንጀራ መቁረስ ክልክል ነው።

አንድ ከሰዓት መጥታችሁ ብታዩ፤ አንዷ ተማሪዬ በቀጭን ብሩሽ እርጥቡን ዱቄት ቀለሞቹን ከሚለየው ሽቦ መሐል ታስቀምጣለች፣ በነጠላ ቁራጭ ዳሩን ነካ ስታደርገው ውኃው ይመጠጣል፣ ዱቄቱ ይረጋል። ምድጃው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ እንፋሎት ሳይጨርስ ከገባ ይፈነዳል። ከዚያ ይገባል። መጀመሪያ እንደ ስኳር ቅንጣት ይሻክራል፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ለስልሶ ያበራል። ሁሉም ሁለትና ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሲወጣ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። አዲስ ተማሪ ሁሉ «ጋሼ፣ ተቃጠለ!» ብሎ ይጮኻል። ዝም እላለሁ። ሲቀዘቅዝ ቀይነቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ቀይ ሲነሣ ዋናው ምስጢር እዚህ ነው። ኢሬቻ ሲደርስ የሚፈለገው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው፤ ሌላው ደንበኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይፈልጋል። ከየትኛውም ወገን ብትመጡ ቀይ አለ፤ ብር ላይ ደግሞ አስቸጋሪው ቀይ ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው ቀይ ብሩን በቀጥታ ሲነካ ቡናማ ይሆናል፤ ከሥሩ ቀለም አልባ ብርጭቆ ካልተነጠፈለት አይሆንም። ብርሃን የማያሳልፈው ቀይ ደግሞ ትንሽ ከቆየ ይጠቁራል። ስለዚህ ነጩንና ጥቁሩን አስቀድመን እናስገባለን፤ ቀዩ መጨረሻ ላይ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ገበያ ላይ ደማቅ ቀይ በ«ብር» ላይ ርካሽ ሆኖ ካያችሁ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። የጥፍር ቀለም ወይም ፕላስቲክ ይሆናል። ገልብጣችሁም እዩ፤ ቀጭን ጌጥ ላይ የተተኮሰ ኢናሜል ከኋላም ብርጭቆ ይኖረዋል፤ አለዚያ ሲቀዘቅዝ ይጎብጥና ይሰነጠቃል።

በጠገራ ብር ላይ ጭራሽ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ግን ልፋት አለው። ጌጡን እስኪፈም አግለን የሎሚ ጭማቂ ባለበት ትኩስ ውኃ እናበስለዋለን፣ በብሩሽ እናሸዋለን፣ እንደገና እናግለዋለን። በእያንዳንዱ ዙር ከፊቱ መዳብ ይለቅቃል፤ አግለነው የማይጠቁርበት ጊዜ ሲመጣ ፊቱ ንጹሕ ብር ለብሷል ማለት ነው። ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ኢናሜል መርጠን፣ ከምድጃው ዓይናችንን ሳንነቅል እናስገባለን። ሽቦውን አንበይደውም፤ ብርጭቆው ራሱ ይይዘዋል።

ተማሪ ማግኘቱስ? አፄ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ዛሬም ግን «ልጄ ቀጥቃጭ ሊሆን ነው?» የሚል አባት አላጣም። ደግነቱ ሴት ልጆቹ ይመጣሉ፤ ወላጅ «ጌጥ ሥራ» ሲባል ቅር አይለውም። ከእነሱ አንዷ ጉደር ላይ ቦታ ይዛለች። የምትሸጠው መዳብ ነው፤ «መዳብ ነው» ብላ ነው የምትሸጠው። ብር የሚፈልግ ጠገራውን ይዞ ይመጣል፣ ተቀምጦ ያያል። የአሲዷን ጠርሙስም ፊት ለፊት አድርጋታለች።

አጠገቧ ያለው ነጋዴ እኔ ዘንድ ድረስ መጥቶ ተጣላኝ፤ ገበያውን ልታዘጋበት እንደሆነ ነገረኝ። ቡና ጠጣን። ሊሄድ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጀርመን ሲልቨር ላይ የሚይዝ ኢናሜል የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። አላመነኝም፤ አሁን አዲስ አበባ እያፈላለገ ነው።