ባት፣ የልብ ረዳት

በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ተማሪ ድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «ቁርስ ስላልበላ ነው» ይባላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ ወደ አንጎሉ የሚደርሰው አንሶ ሊሆን ይችላል።

እረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በደም ቅዳ የሚወጣውን ደም የልብ ግፊት ይገፋዋል። አስቸጋሪው መመለሻው ነው። ከእግር እስከ ደረት መንገዱ ዳገት ነው፤ በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ነው። እዚህ ላይ ባታችን ይደርስልናል። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ በመካከሉ የሚያልፉትን ደም መልሶች ይጨምቃል፤ ደሙም ሽቅብ ይወጣል። ጡንቻው ሲላላ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ ቫልቮች ይዘጋሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ሲያስረዳ ከማስረጃዎቹ አንዱ እነዚሁ ቫልቮች ነበሩ። እጅግ ትንሽ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ያስደንቃል።

አዘውትሮ መሮጥና መራመድ ልብንም ያጠነክራል። ጠንካራ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ደጋግሞ መምታት አያስፈልገውም። የአዋቂ ሰው የልብ ምት እረፍት ላይ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ሲሆን የሰለጠኑ የረጅም ርቀት ሯጮች ግን ከ50 በታች ሊወርድ ይችላል።

ሰልፍ ላይ ብዙ ስትቆሙ ጉልበታችሁን አታድርቁ፤ ተረከዛችሁን ከመሬት ከፍ ዝቅ አድርጉ።