የኮንክሪት ገጽ መላላጥ

የኮንክሪት ገጽ መላላጥ ማለት የጠነከረ ኮንክሪት የላይኛው ስስ ሽፋን እንደ ቅርፊት እየተነሳ ሲረግፍና ከሥሩ ያለው ጠጠር ሲጋለጥ የሚታይ ጉዳት ነው። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አካባቢዎች በመኖሪያ ቤቶች የመኪና መግቢያ ላይ በብዛት ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በረዶ ማቅለጫ ጨው ቢሆንም፣ ገጹ ጨውን የመቋቋም አቅሙ በአብዛኛው የሚወሰነው ኮንክሪቱ ሲቦካ፣ ሲፈስና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጠጣ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል

ኮንክሪት በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በውሃ የተሞሉትን ቀዳዳዎች ከውስጥ ይገፋል። ውሃው ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ሲመላለስ ገጹ ይላላጣል። ጨው ደግሞ ገጹ ይበልጥ እርጥበት እንዲይዝ በማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል። ባለቤቱ ጨው ባይነሰንስም እንኳ መኪና ከመንገድ ይዞት ሊገባ ይችላል።

ዋና ዋና ምክንያቶች

* ትርፍ ውሃ፦ ኮንክሪቱ በቀላሉ እንዲፈስ ውሃ ሲጨመርበት፣ ትርፉ ውሃ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ለበረዶና ለጨው ለሚጋለጥ ኮንክሪት የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ክብደት 0.45 እጥፍ እንዳይበልጥ ይመከራል።
* የአየር አረፋ ማነስ፦ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ እንደታወቀው፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የአየር አረፋዎች ለሚስፋፋው ውሃ ማረፊያ ይሆናሉ። ለዚህም በኬሚካል አማካኝነት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ አየር እንዲኖረው ይደረጋል።
* ያለጊዜው ማለስለስ፦ አዲስ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ውሃ ሳይተን ገጹ ከተለሰለሰ፣ ወይም ለማለስለስ ተብሎ ውሃ ከተረጨበት፣ የላይኛው ሽፋን ደካማ ይሆናል።
* በቂ ውሃ አለማጠጣት፦ ገጹ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበቱን ካልጠበቀ ሲሚንቶው በሚገባ አይጠነክርም። ይህ ጉድለት በረዶ በማያሰጋቸው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞችም ገጹ ዱቄት እየሆነ እንዲቦን ያደርጋል።

መከላከልና ጥገና

አዲስ ኮንክሪት በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ጨው ባይነሰነስበት ይመረጣል፤ እንዳያንሸራትት አሸዋ ይበቃል። በረዶ ለማቅለጥ የአሞኒየም ሰልፌት ወይም የአሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ መጠቀም ግን ኮንክሪቱን በኬሚካል ይበላዋል። የተላላጠውን ለመጠገን ደካማው ሽፋን እስከ ጠንካራው ክፍል ድረስ ተፍቆ መነሳት አለበት። በላዩ ላይ ብቻ የተለሰነ አዲስ ሽፋን ከደካማው ጋር አብሮ ይነሳል።